ስለ ታሸገው ብሎንና ስለ ዳማዋ ባዝራ ጀርባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14፣ ማታ።

የተሸጠ፦ ሁለት ልጓም፣ አንድ ጥንድ እርካብ። ለጥገና የገባ፦ ዘለበቱ የተሰበረ አንድ የሆድ ጠፍር። ኮርቻ የጠየቀ፦ አንድ ሰው፤ ዋጋውን ሰምቶ «ፈረሱን ጨምረሽ ነው?» ብሎኝ ሄደ። ዳማዋ ዛሬም አለፈች። ዛሬም የፊት ግራ እግሯን አጠር አድርጋ ነው የምትረግጠው።

ከዚህ በታች ያለውን መጀመሪያ እዚሁ የዕለት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። አንዱ ቅጂ ለቢሮው ሄዷል። ሌላው በሱቄ በር ላይ ተለጥፏል፤ ፈረሰኛው ሁሉ በዚያ ያልፋልና።

ለክቡር የፈረሰኛ ዘብ አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል፣ በተለይም ወገብዎ እንደምን ነው እላለሁ። ስለ ወገብዎ የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር አቤቱታዬን ይዤ ቢሮዎ በቆምኩ ጊዜ አዲሱን ወንበርዎን የማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ከመቀመጫው ሥር ባለች ትንሽ እጀታ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ኋላም ይለጠጣል፤ እኔ ንግግሬን ሳልጨርስ እርስዎ ሦስቴ አስተካክለውታል። ማደጉን ካቆመ ብዙ ዘመን ያለፈው ወገብ ይህን ያህል ማስተካከል ካስፈለገው፣ ገና በማደግ ላይ ያለ ጀርባማ... ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ነገር ግን ሰላምታ ሳይጨርሱ ነገር መጀመር ነውር ነውና ልተወው።

እኔ ከድልድዩ መውጫ ላይ የኮርቻና የልጓም ሱቅ ያለኝ ነጋዴ ነኝ። በእርስዎ ዘብ ሲያገለግል ከፈረስ ወድቆ የሞተው ፈረሰኛ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ይህን የምጽፈው በር ላይ ቆሞ ለሚያነበው መንገደኛ ብዬ ነው እንጂ እርስዎማ አይረሱትም፤ በቀብሩ ቀን ትከሻዬን ይዘው «ፈረሱ ክፉ ነበር» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ይጋልበው የነበረው ግራጫ ፈረስ በዚያው ሳምንት እንደ ክፉ ተቆጥሮ ተገደለ። ስለዚህም፣ በፍርድዎ መሠረት፣ ክፋት ከጋጣዎ ወጥቷል ማለት ነው። አለመውጣቱን ለማስረዳት የሚከተሉትን ጥቃቅን ነጥቦች በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩። በቅድሚያ ምስጋና ይገባዎታል። ከወንድሜ ሞት በኋላ መሥሪያ ቤትዎ አሮጌዎቹን ግትር ኮርቻዎች አስወግዶ የሚስተካከሉ ኮርቻዎች ገዝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልልም፤ ዘግይቶ የሚጮህ ውሻም ለሚቀጥለው ጅብ ይጠቅማል። ኮርቻዎቹ የተገዙት ከእኔ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ካለው ተፎካካሪዬ ነው። አንዱ ለጥገና በመጣ ጊዜ እንከን ፍለጋ ገልብጬ፣ ጎትቼ፣ አሽትቼ ሁሉ መረመርኩት፤ በጣም እያዘንኩ ምንም አላገኘሁበትም። በፈረሱ ጫንቃ ላይ እንደ ቅስት የሚያርፈው የፊተኛው ብረት በብሎን ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ከሥር ያለው ትራስም ስፌቱ ተፈትቶ ሱፍ ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል። ለወጣት ፈረስ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ወጣት ፈረስ በሦስት ዓመቱ እንደ ሳንቃ ቀጭን ነው፤ በአራት ዓመቱ ደረቱ ይከፈታል፤ በአምስት ዓመቱ ጀርባው ይሞላል፤ ያውም በሥርዓት አይደለም፣ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከፊት፣ አንዳንዴም አንዱ ትከሻ ሌላውን ቀድሞ ያድጋል። በየወቅቱ አዲስ ኮርቻ መግዛት የሚችል መሥሪያ ቤት የለም። ብሎን ማዞር ግን ማንም ይችላል።

ማንም፣ የንብረት ክፍልዎ ካልከለከለ በቀር። ኮርቻዎቹ ገና የአዲስ ቆዳ ሽታቸው ሳይለቃቸው እያንዳንዱ ብሎን በሽቦ ታስሮ ማኅተም ተመታበት፤ መፍቻውም መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ሁሉ እያየው ማንም እንዳይነካው፣ ተቆለፈበት። ምክንያቱን በትሕትና ብጠይቅ የክፍሉ ሹም ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ታግሠው፣ «እትዬ፣ ዛሬ አንዱ ያሰፋዋል፣ ነገ ሌላው ያጠበዋል፤ ከነገ ወዲያ ንብረቱ የገባበትን ቅርጽ ማን ይመሰክራል?» አሉኝ። ታዲያ የሚስተካከል ለምን ተገዛ ብላቸው፣ «ግትር እንዳትገዙ ስለተባልን ነዋ!» አሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ክርክር ሲያሸንፈኝ ደግሞ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

፪። ሁለተኛው ስለ ልኬት ነው። ዳማዋ ባዝራ የተለካችው ከረጅም መንገድ በደረሰችበት ዕለት፣ ጎኗ እንደ መሰላል በሚቆጠርበት ሰዓት ነው፤ «ጠባብ» ተብላ ተመዘገበች፤ ኮርቻዋም በዚያው ልክ ጠብቦ ታሸገ። ከዚያ ወዲህ የመሥሪያ ቤትዎን ገብስ በልታለች፤ ስለ ገብሱም ምስጋናዬ ይድረስዎ። በልታም አደገች፤ ይህን ማድረግ እንደሌለባት የነገራት አልነበረም። ዛሬ ትከሻዋ እንደ በር ሰፊ ሆኖ ሳለ በመዝገብዎ ውስጥ አሁንም ያች የከሳች ልጅ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኝ የምለው ማንም የለም፣ ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው የምናገረው። ለልጁ ጫማ የገዛ አባት፣ ልጁ አድጎ ጫማው ሲጠበው እግሩን አይገርፍም።

፫። «ፈረስ ሲጫን ከተቆጣ ከኮርቻው ሥር አንድ ብርድ ልብስ ይደረብ» የሚለውን መመሪያዎን በሚመለከት፦ ጫማ ለጠበበው ሰው ካልሲ ደርብ ማለት ነው። ዳማዋ አሁን ሦስት ደርባለች።

፬። በዳማዋ ጋጣ በር ላይ በጠመኔ «ክፉ» የሚል ቃል ተጽፏል። ይህን ያነበብኩት ልጓም ላደርስ በሄድኩበት ነው፤ ጋጣው ግራጫው የነበረበት ያው ጋጣ ነው፤ ቃሉም በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ቦታ። የድሮው አልጠፋ ብሎ ይሁን ወይም አዲስ ተጽፎ ይሁን ጠይቄ መልስ የሰጠኝ የለም። ክፋቷ የሚከተለው ነው፦ ኮርቻው ገና ከሩቅ ሲመጣ ጆሮዋን ታስተኛለች፤ ጠፍሩ ሲጠብቅ የሚያስርላትን ሰው እጅጌ ትነክሳለች፤ ስትወጣ ጀርባዋን እንደ ድመት ትቀስራለች፤ ቁልቁለት ሲሆን አልሄድም ትላለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት እናንተ ዘንድ ተገልብጧል፤ ዳውላው የታሸገ ንብረት ስለሆነ ተከብሮ ዱላው ለአህያዋ ሆኗል።

የሚጋልባት የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ናት። ገና ዘንድሮ የተቀጠረች፣ ሳቂታ፣ ከአፏ ቀልድ የማይጠፋ ልጅ ናት። በምን እንደተዋወቅን ልንገርዎ፤ ይህ ከሁሉም የከበደኝ ነጥብ ነው።

፭። ሱቄ መንገድ ዳር ስለሆነ የዘብዎን ፈረሶች ሁሉ ቀና ሳልል በኮቴያቸው አውቃቸዋለሁ። ግራጫው በመጨረሻው ወራት አንድ አረማመድ ነበረው፤ ሦስቱ እግሮች በልካቸው ይመጣሉ፣ የፊት ግራው ግን ትከሻውን ሳይዘረጋ ቶሎ ይወርዳል፣ አንድ ቃል ጀምሮ እንደሚውጥ ሰው። ያ ድምፅ በሱቄ በር ላይ ሲቆም ወንድሜ ሳይወርድ እጁን ይዘረጋና «እታለም፣ ውሃ! ተሸካሚው እሱ፣ የሚደክመው እኔ!» ይላል። ጠርዙ ሰማያዊ በሆነችው የቆርቆሮ ኩባያ ውሃ እሰጠዋለሁ። ከሞተ በኋላ ኩባያዋን ከመደርደሪያው አላነሣኋትም፤ ያንን ድምፅም ለዓመታት አልሰማሁትም።

በዚህ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ዘለበት እየለየሁ ተቀምጬ ሳለ ያ ድምፅ መጣ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ መንፈስና ጥላ ከሚያዩ ሰዎች ወገን አይደለሁም። ነገር ግን ራሴን ያገኘሁት ኩባያዋን ሞልቼ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ ነው። በዳማ ባዝራ ላይ የተቀመጠች፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ልጅ ኩባያውን ተቀብላ ጠጣችና፣ «እትዬ፣ መጠማቴን ማን ነገረዎት?» አለችኝ። «ፈረስሽ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ በየዕለቱ በዚያው ሰዓት፣ በሩ ፊት ባለው በዚያው ደንጊያ ላይ ትቆማለች፤ ባዝራዋም ያንኑ እግር አንሥታ ታሳርፋለች፤ እኔም ውሃ አቀብላለሁ። የሞተ ፈረስ በሌላ ፈረስ እግር ሲሄድ መስማት ምን እንደሚመስል በየትኛው ቅጽ ላይ እንደሚሞላ ስላላወቅሁ ነው በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ።

፮። የወንድሜ ኮርቻ፣ ከአሮጌዎቹ ጋር «ይወገድ» ተብሎ ለእኔ ስለተላከልኝ አመሰግናለሁ። አላስወገድኩትም፣ አልሸጥኩትምም። በሱቁ ጥግ በእንጨት ማስቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ሥሩን የገለበጠ ሰው ላብ ያጠቆረውን ቆዳ ያያል፤ በጫንቃው ግራና ቀኝ ግን መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ንጹሕ ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ላይ ብረቱ ሥጋውን አንቆ ይዞት ስለነበር ላብ እንኳ አልወጣም። ፈረሱ የጻፈው አቤቱታ ይህ ብቻ ነበር፤ የጻፈውም ሰው በማያየው በኩል ነው።

ይህ ኮርቻ ድምፅ አለው። ቆዳ ሲደርቅ ይጮኻል፤ ስለዚህ ዘይት ቀባሁት። ዘይት ጠጥቶም፣ ዘቡ ፈረቃ በሚለውጥበት ሰዓት፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ሱቅ የገባ ደንበኛ ዞር ብሎ ያያል፤ እኔ እንጨቱ ነው እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከሥሩ አቧራ ልጠርግ እጄን በማስቀመጫውና በብረቱ መካከል ባስገባ ቆነጠጠኝ። እንጨት አያድግም። ይህን አውቃለሁ። ማስቀመጫው ከኮርቻው ይልቅ ጠባብ መሆኑንም ለክቼ አረጋግጫለሁ። እጄን ያወጣሁት ግን ቀልቶ ነው።

፯። በመጨረሻም ስለ እርስዎ። የዚህን ሁሉ ነገር ምስጢር ለመሥሪያ ቤትዎ የማስተምር እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ምክንያቱም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እርስዎ ያኔ ተራ ፈረሰኛ ነበሩ፣ እኔም ሱቁን ከአባቴ ገና የተረከብኩ፣ የኮርቻ ዋጋ እንጂ የኮርቻ ልክ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን የራስዎን ፈረስ በሱቄ በር ላይ አቁመው «እጅሽን ወዲህ አምጪ» አሉኝ። መዳፌን ከኮርቻው የፊት ብረት ሥር አስገቡና ፈረሱን አንድ እርምጃ አራመዱት። ጮኽኩ። «እጅሽ ካመመው ፈረሱንም አሞታል፤ ልዩነቱ እሱ እንደ አንቺ አይጮኽም» አሉኝ። ከኋላ አቁመውኝ በኮርቻውና በአከርካሪው መካከል ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ካልታየ እንዳልጭን፣ የኮርቻው የኋላ ጫፍ ከመጨረሻው የጎን አጥንት አልፎ ወገብ ላይ ከተኛ እንዳልሸጥ፣ ከግልቢያም በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ላቡን እንዳነብ፣ ደረቅ ቦታ ካየሁ እዚያ እየቆነጠጠ እንደሆነ፣ ይህንንም ለአዋቂ ፈረስ በዓመት፣ ለወጣት ፈረስ ግን በየወቅቱ እንዳደርግ ነገሩኝ። እንጀራዬ የወጣው ከዚያ ትምህርት ነው። ለወንድሜም ያንኑ አስተምሬው ነበር። እሱም በመጨረሻው ወር ግራጫው ጠቦታል ብሎ ለቢሮዎ ቃሉን ሰጥቶ ነበር፤ «ብርድ ልብስ ደርብ» ተባለ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አያውቁም ብዬ አይደለም። ለማያውቅ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም፣ ይነገረዋል። የምጽፈው ስለሚያውቁ ነው። በቀብሩ ቀን ትከሻዬ ላይ ያረፈው እጅ ያን ጊዜ እጄን ከብረቱ ሥር ያስገባው እጅ መሆኑን እኔም አውቄያለሁ፣ እርስዎም ያወቁ መሰለኝ፤ ቶሎ አንሥተውታልና።

የምጠይቀውም ትንሽ ነገር ነው። ሐሙስ አዲሱ የሰልፍ ሜዳ ሲመረቅ፣ የናስ ሙዚቃ ባለበት፣ ሕዝብ በሚጋፋበት ቦታ፣ ዳማዋ ከፊተኛው ረድፍ እንድትሰለፍ ታዝዟል፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅም አዲስ ቦት ጫማ ተሰጥቷት በደስታ ታሳየኛለች። ወንድሜም የወደቀው በምረቃ ቀን፣ በፊተኛው ረድፍ፣ ከሙዚቃው ፊት ነው። ፈረሱ ከበሮው አስደንግጦት ነው ተባለ። ከበሮው ያስደነገጠው ፈረስ ይሸሻል፤ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ግን የተሸከመውን ያወርዳል፤ ልዩነቱን እርስዎ ያውቁታል። ከሐሙስ በፊት ያ ማኅተም ይፈታ፣ ብሎኑ ይላላ፣ ብርድ ልብሶቹ ይነሡ፣ ጀርባዋም እስኪድን ልጅቱ ሌላ ፈረስ ትቀመጥ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ይህንኑ በቃል ባመለከትኩ ጊዜ ጉዳዩ ለኮሚቴ መመራቱን፣ ኮሚቴውም ከምረቃው በኋላ እንደሚሰበሰብ ተነግሮኛል። ኮሚቴው ሲሰበሰብ አጀንዳው ሁለት ከሚሆን አንድ ሆኖ ቢጠብቀው ይሻላል ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎ፣ ዕንቅልፍዎ ከኮቴ ድምፅ የራቀ እንዲሆን፣ እጅዎም ከማንም ትከሻ ላይ ቶሎ ለመነሣት የማይገደድ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ተማሪዎ፣ የግራጫው ፈረሰኛ እኅት፣
ከድልድዩ መውጫ፣ የኮርቻ ነጋዴዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ መልስ ካልመጣ፣ ዳማዋ በሱቄ በር ላይ ስትቆም ማኅተሙን እኔ እቆርጠዋለሁ፤ ብሎኑንም በጥገና ጊዜ ባሠራሁት መፍቻ አላላዋለሁ። ልጅቱ በዚያ ሰዓት ፊቷን አዙራ ውሃ ትጠጣለች፤ ያየችውም ያዘዘችውም ነገር የለም፤ ቅጣት ካለ አድራሻዬን ያውቁታል። ለሐሙስም ጀርባዋ ቆስሎ ካየሁት፣ ጠፍሩን «ለጥገና» ብዬ እይዘዋለሁ፤ ያለ ጠፍር ደግሞ ኮርቻ አይጫንም፣ ያለ ኮርቻም በፊተኛው ረድፍ የሚሰለፍ የለም። ማኅተሙን ከነሽቦው ቅርጹ ሳይበላሽ ለንብረት ክፍል እመልሳለሁ። ሥራ ፈትቶ እንዳይቀርም ከወንበርዎ ሥር ላለችው እጀታ ልክ መሆን አለመሆኑን ቢሞክሩት መልካም ነው፤ አንድ ክረምት ብቻ ታሽጋ ትቆይ።

ለነገ፦ ፒንሳውንና መፍቻውን ከበሩ ጀርባ ማስቀመጥ። የዛሬውን ጠፍር ዘለበት መቀየር። ኩባያዋን ማጠብ።